ባዶ እጃችሁን በረት ግቡ

ላም ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሊትር ነው። «በቀን ስንት ትታለባለች?» ቀጥሎ የመኖ ዋጋ። ቀጥሎ እንቁላል ያዋጣል አያዋጣም። ጥያቄው ልክ ነው፤ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ነው። ግን ላም ገዝተው ዓመት ሳይሞላ የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ። ብዙዎቹ የሸጡት ከስረው ሳይሆን ሰልችቷቸው ነው። የጠዋት መነሳቱ፣ እበቱ፣ ዘመድ ጋ ሄዶ ማደር አለመቻሉ። እንስሳው ዕዳ ሆነባቸው።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቀን ቢሮ ነኝ፣ ጠዋትና ማታ ጓሮ። ዳለቻ የምትባል ክልስ ላም ከነጥጃዋ አለችኝ። ጥቂት የመንዝ በጎች፣ ዶሮዎች፣ ቡቺ የሚባል ውሻ፣ ስም ሳይወጣላት «ውሮ» ሆና የቀረች ድመትም አሉ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ደመወዝ እየበላ ጓሮው ውስጥ አንድ ሁለት እንስሳ መያዝ ለሚያምረው ሰው ነው። ስለ ትርፉ ሌሎች ይንገሯችሁ። እኔ የምነግራችሁ ሳይሰለቻችሁ፣ ደስ እያላችሁ እንዴት እንደምትይዟቸው ነው። ይሄም እንደ ማንኛውም ሙያ ይለመዳል። ዋናው ነገሩ እንስሳውን ከመመገብ በፊት ማየት ነው።

<b>አምስት ደቂቃ ቁሙ</b>

ጠዋት በረት ስትገቡ እጃችሁ ላይ ምንም አይኑር። ከብት ባልዲ ካየች ተነስታ ትንጋጋለች፤ እናንተም መኖውን ለማድረስ ትቸኩላላችሁ። ያኔ ማንም ማንንም አያይም። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን ገብታችሁ ድምፃችሁን አሰሙና ቁሙ። ጎረቤቴ እማማ ከብት ሲይዙ ያረጁ ሴት ናቸው፤ «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ እንዴት አደርሽ በያት እንጂ» ይሉኛል። እሳቸው ጨዋነት ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ምርመራ ነው እላለሁ። ሁለታችንም ልክ ነን መሰለኝ።

የሚታየው ምንድን ነው? ተኝታ ከሆነ ታመነዥካለች ወይ? አፍንጫዋ ረጥቧል? ጆሮዋ ድምፃችሁን ሰምቶ ዞረ? ያደረ እበቷ ቀጥኗል ወይስ ደርቋል? የግራ ጎኗ እንደ ወትሮው ነው ወይስ ተነፍቷል?

ማመንዠኳን ቀረብ ብላችሁ እዩ። አፏ ቆም ይላል፤ ትውጣለች። ትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ በአንገቷ ሥር አንድ ጉብ ያለ ነገር ከታች ወደ ላይ ሽቅብ ሲሮጥ ታያላችሁ። ጉንጯ ሞላ ይላል። መንጋጋዋ ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል፤ ዓይኗ ግማሽ ይከደናል። ቁጠሩ። ጤነኛ ላም አንዷን ጉርሻ ከ40 እስከ 70 ጊዜ ያህል ታላምጣታለች። በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት የምታሳልፈው በዚህ ነው። ማመንዠክ ያቆመች ላም ግን አንድ ነገር ሆናለች፤ ሌላ ምልክት ባይኖርም ሐኪም ጋ ደውሉ።

የግራ ጎኗ ከበሮ ሆኖ ከተነፋ ደግሞ ደውሎ መጠበቅ ብቻ አይበቃም፤ ሰው ልካችሁም ቢሆን ሐኪሙን በፍጥነት አምጡ። መነፋት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። እዚህ ደጋው ላይ ይሄ የሚበዛው ክረምት መውጫ ላይ፣ ማገጥ የሚባለው ተክልና እርጥብ ሣር በሚትረፈረፍበት ጊዜ ነው። መከላከያው ቀላል ነው። መጀመሪያ ጭድ ወይም ድርቆሽ አብሏት፤ ማገጡን አጠውልጋችሁ ኋላ ስጧት። ጤዛ ያለበት ማገጥ ላይ በባዶ ሆዷ አትልቀቋት።

የመኖውንም ነገር በአንድ ነገር ልለፈው። ፋጉሎውን፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን የቅባት እህል፣ አሽትቱት። የሻገተ ከሆነ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ላሟ ውስጥ አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ ወተት ማፍላት አያጠፋውም። ረክሶ የተገኘ የሻገተ ፋጉሎ ርካሽ አይደለም።

ይሄ ሁሉ የጤና ጉዳይ ይመስላል፤ ነውም። ግን በየቀኑ ስትቆሙ ሌላ ነገር ይመጣል። እንስሳዋን ታውቋታላችሁ። ዳለቻ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ነው የምትተኛው። ስትነሳ መጀመሪያ ትለጠጣለች፣ ከዚያ ወደ በሩ ታያለች። አንድ ቀን ሳትለጠጥ ከተነሳች እኔ አውቃለሁ። ሌላ ሰው አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ከብት በመያዝ ውስጥ ደስታ የምለው ይሄንን ነው፤ አንድን ፍጡር ሳይናገር መረዳት። ወተቱ ምርቃት ነው።

<b>ቁጥር አታብዙ፣ እጃችሁንም አታርቁ</b>

ለማወቅ ደግሞ ትንሽ መሆን አለባቸው። አንዲት ላም ለጀማሪ ይበቃል። የፈረንጅ ደሟ በጣም የበዛውን አትምረጡ። ሻጩ ሊትሯን እየነገረ ያስጎመጃችኋል፤ ግን እሷ የተመረጠ መኖ፣ የተጠበቀ ቤትና ቶሎ የሚደርስ ሐኪም ትፈልጋለች። ግማሽ በግማሽ የተዳቀለችው ሊትሯ ቢያንስም ትችላለች። እናንተም እየተረጋጋችሁ ትማራላችሁ።

ሠራተኛ መቅጠር ነውር የለውም። እኔም የምታግዘኝ ልጅ አለች፤ ያለሷ ቢሮ መግባት አልችልም። ግን ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለሰው ከሰጣችሁት ደስታውም የዚያ ሰው ነው። እናንተ የምትቀሩት ከወተት ሒሳብና ከጭቅጭቅ ጋር ነው። ቢያንስ የማታውን እናንተ እለቡ።

ስታልቡ ሰዓቱ አይለዋወጥ፣ ቦታውም አይቀያየር። ጡቷን ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ጥጃዋ ጥቂት ትጥባ ወተቱ ይውረድ። ከአራቱም ጡት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፍንጣቂ ጥቁር ኩባያ ላይ አልባችሁ እዩ። ነጭ ጓል፣ ደም ወይም ውሃ የመሰለ ነገር ካለ የጡት በሽታ ጀምሯል፤ ያንን ወተት ከሌላው አትቀላቅሉ። አስተላለባችሁ ጡቱን በመዳፍ ጨብጦ ከላይ ወደ ታች መጭመቅ እንጂ አውራ ጣት አጥፎ መጎተት አይሁን። መጎተት ያሳምማታል፣ ውሎ አድሮም ጡቱን ያበላሻል። ወተቱ የሚወርድላት ደግሞ ለደቂቃዎች ብቻ ነው። መሀል ላይ ስልክ አታንሡ። የተደናገጠች ላም ወተቷን ትይዛለች፤ በልመናም አትለቅም።

እኔ ሳልብ ግንባሬን ጎኗ ላይ አስደግፋለሁ። በግራ በኩል ከሆናችሁ ሆዷ ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ ያጉረመርማል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ከሰማችሁ ሆዷ ደህና ነው። ቢሮ ምን እንደዋልኩ የምረሳው እዚያ ጋ ነው።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ስልክ ላይ አይደለም፤ እጃችሁ እርጥብ ነው። ኮርማ የፈለገችበትን ቀን ጻፉ። ላም ካልያዘች ኮርማ ወደ መፈለግ የምትመለሰው በ21 ቀን አካባቢ ነው፤ ፍላጎቷ የሚቆየው ግን ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜም በሌሊት ይጀምራትና ያመልጣችኋል። ትጮኻለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ ከኋላዋ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል። ከብት ሲወጣባት ዝም ብላ ከቆመች ጊዜው ነው። ጠዋት ካያችሁ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ካያችሁ በማግስቱ ጠዋት አዳቃዩ፣ ማለትም ዘር የሚሰጣት ባለሙያ፣ እንዲደርስ ጥሩ። ቀኑን የጻፈ ሰው አዳቃዩን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ያልጻፈ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይኖራል።

<b>እንቦሳዋ የመጣች ሌሊት</b>

ላም የምታረግዘው 280 ቀን አካባቢ ነው፤ ደብተሩ እዚህም ያገለግላል። ስትወልድ አትረብሿት። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ምጡ ጠንክሮ እግር ካልታየ፣ ወይም ታይቶ ካልገፋ፣ ሐኪም ይጠራ፤ ጎረቤት ሰብስቦ ገመድ መጎተት ላሟንም ጥጃዋንም ይጎዳል።

ከወለደች በኋላ አንድ ጉዳይ ላይ ችኮ ሁኑ። ጥጃ ስትወለድ ሰውነቷ ውስጥ በሽታ የሚከላከልላት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የምታገኘው ከእንገሩ፣ ከመጀመሪያው ወተት፣ ነው። አንጀቷም ይህን የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ቀን ከሞላ በኋላ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ትጥባ። በመጀመሪያው ቀን የክብደቷን አሥር በመቶ ያህል፣ ማለትም 30 ኪሎ ለምትመዝን ጥጃ ሦስት ሊትር እንገር ትጠጣ። እንገር ፈልቶ ሲበላ እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ፤ እኔም እወዳለሁ። ጎረቤትም ይጠብቃል። ግን ከጥጃዋ የተረፈውን ነው የምንበላው። እማማ ሳይቀሩ በዚህ ተኮራርፈውኛል። ጥጃዋ ስትቦርቅ ሲያዩ ታረቅን።

እናቲቱንም አትርሷት። በወለደች ማግስት ጆሮዋ ከቀዘቀዘ፣ ከተንገዳገደች ወይም መነሳት ካቃታት ካልሲየም አንሷት ሊሆን ይችላል። ይሄ ሐኪም በደም ሥር ሰጥቶ ወዲያው የሚያነሳው በሽታ ነው፤ ቸል ከተባለ ግን ይገድላል።

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ጥጃ የሚገድላት ብርዱ ብቻ ሳይሆን ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ነው። ጉዝጓዙን ደረቅ የገብስ ጭድ አድርጉት፣ በየቀኑ ቀይሩት። ንፋስ የሚገባበትን ሽንቁር በወለሉ በኩል ድፈኑት፣ ላይኛውን ግን ተዉት፤ አየር ያስፈልጋል። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ጉዝጓዙን ሞክሩት። ሱሪያችሁ ከረጠበ እሷም ረጥባለች።

<b>ጾም ሲገባ</b>

ላም ጾም አታውቅም። በ55ቱ የዓቢይ ጾም ቀናት ወተት ገዢ ያጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ብዙ ጀማሪ የሚበሳጨው ያኔ ነው። እኔ ይሄን ጊዜ እወደዋለሁ። አንደኛ፣ ጥጃዋ ትጠግባለች። ሁለተኛ፣ ቅቤ አወጣለሁ። የሸኖን ቅቤ ስም የሰማ ሰው ይሄ አካባቢ ቅቤ እንደሚያውቅ አይስተውም። ዕቃውን በወይራ አጥናችሁ እርጎውን አጠራቅሙ። በእኛ ብርድ ቅቤው ቶሎ አይወጣም፤ ዕቃውን ረፋድ ላይ ፀሐይ ካስመታችሁት በኋላ ናጡ። ድምፁ ይለወጣል። መጀመሪያ ይንቦጫረቃል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ ከዚያ አንድ ነገር ውስጡ ሲላተም ይሰማችኋል። የዚያን ጊዜ ወጥቷል። ለፋሲካ የሚሆን ቅቤ ከራስ ላም ማውጣት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ሞክሩት።

ወተት ሲጠጣ ግን ይፈላ። ቲቢና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። «እኛ እኮ ጥሬውን ጠጥተን ነው ያደግነው» የሚል አጎት በየቤቱ አለ፤ ተከራከሩት። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተትም ሐኪሙ የነገራችሁ ቀን ሳይሞላ ለሰው አይሰጥ፣ አይሸጥም።

<b>ዶሮ</b>

ላም ከከበዳችሁ በዶሮ ጀምሩ። ለእንቁላል ብዛት ቦቫንስ ብራውን የመሳሰሉት አሉ፤ ለደስታ ግን አንዲት የሐበሻ ዶሮ ጨምሩ። ቦቫንሷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። የሐበሻዋ ትታቀፋለች። 21 ቀን በቀን አንዴ ብቻ ተነስታ በልታ፣ ጠጥታ፣ ተመልሳ ስትቀመጥ ማየት ትዕግሥት ያስተምራል። በሰባተኛው ቀን ገደማ፣ ሲመሽ፣ አንዱን እንቁላል ቀስ ብላችሁ አውጡና የስልካችሁን መብራት ከሥሩ አብሩበት። ጽንስ ካለው ቀያይ የደም ሥሮች ክር መስለው ተዘርግተው ታያላችሁ፤ መሀላቸው ጥቁር ነጥብ አለ። ጥርት ብሎ ቢጫ ብቻ ከሆነ አልያዘም፤ አውጡት። ይሄን ከልጆች ጋር አድርጉት። ቴሌቪዥኑን ራሳቸው ይዘጉታል።

ፈንግል የሚሉት በሽታ ቤት ከገባ ዶሮ አይተርፍም፤ መድኃኒትም የለውም። ያለው ክትባት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይወጣል፣ በየወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ ግዙ። በበረዶ ይምጣ፤ ከሞቀ አይሠራም። በውሃ የሚሰጠው ከሆነ ክሎሪን የሌለው ውሃ ተጠቀሙ፤ ቀድማችሁም ዶሮዎቹን ውሃ ከልክላችሁ አስጠሟቸው።

<b>ውሻና ድመት</b>

ውሻን ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አስሮ ሌሊት መልቀቅ ልማዳችን ነው። አልወደውም። ሲታሰር የዋለ ውሻ ንቁ አይሆንም፤ ክፉ ነው የሚሆነው። ቡቺ ጓሮ ውስጥ ተለቆ ነው የሚውለው። በረት አብሮኝ ይገባል፣ ደጃፉ ላይ ይተኛል። ዳለቻ ስትወልድ እንዳይጠጋ ያስተማርኩት ግን በጩኸት አልነበረም። ገና ቡችላ እያለ በሩ ጋ ሲቀመጥ ትንሽ ሥጋ እየሰጠሁት ነው።

ከሦስት ወሩ ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፣ በየዓመቱ ይደገም። ድመቷም እንዲሁ። ማንኛውም ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር የለም።

በዓል ሲመጣ ውሻው ይደሰታል፣ ችግርም ይመጣል። በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ከተገኘ ለውሻ አትወርውሩ፤ አቃጥሉት ወይም ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ውሻው በዚያ የሚይዘው ትል ተመልሶ ለእናንተና ለልጆቻችሁ ይተርፋል። የዶሮ ወጥ አጥንትም አትስጡ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ሽንኩርቱም ለውሻ መርዝ ነው። ለድመቷ ደግሞ፣ አይጥ በመርዝ አታጥፉ። የተመረዘውን አይጥ የምትበላው እሷ ናት። ውሮ መኖ ቤቱ ውስጥ ታድራለች፤ ከዚያ ወዲህ የተቀደደ የፉርሽካ ጆንያ አላየሁም።

<b>የሚሸጠውና የሚታረደው</b>

ይሄን ቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ልባችሁ ይሰበራል። እኛ ቤት ደንቡ ግልጽ ነው። እናት በጎች ይቆያሉ፣ ስምም አላቸው። ወንዶቹ ግልገሎች ለበዓል ናቸው፤ ልጆቹም ከመጀመሪያው ቀን ያውቃሉ። ስም ባይወጣላቸው ይሻላል፤ እንክብካቤ ግን አይጓደልባቸው። ሲታረዱ በሌሎቹ ፊት አይሁን፣ ቢላው የተሳለ ይሁን፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይረድ። ለምን እንደምናዝን የሚጠይቁ ልጆች አሉ። ማዘን ትክክል ነው ብዬ እመልሳለሁ። በልተንም እናዝናለን።

ወንድ ጥጃ ሲወለድም ያው ነው። የት እንደሚሄድ አስቡበት። ለገዢ ስትሰጡ የሚበላውን፣ የተከተበውንና የሚፈራውን ንገሩ። ገዢው ይገረማል፤ ይገረም።

<b>እናንተ በሌላችሁበት ቀን</b>

የዘመድ ሠርግና ለቅሶ አይቀርም። ተክቶ የሚያድር ሰው አስቀድማችሁ አለማምዱ፤ እናንተ እያላችሁ ደጋግሞ ይለብ። አንድ ወረቀት ጽፋችሁ በረት ግድግዳው ላይ ለጥፉ። የመኖው ልክ በጣሳ ይጻፍ፤ በኪሎ አይደለም፣ ማንም አይመዝንም። የሐኪሙና የአዳቃዩ ስልክ። ውሃ ሳይለካ እስክትጠግብ፤ ላም ለአንድ ሊትር ወተት ከሦስት እስከ አምስት ሊትር ውሃ ትፈልጋለችና። እኔ ከሥሩ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «መጀመሪያ ባዶ እጅሽን ግቢ። ስሟን ጥሪ። በግራ በኩል አትቅረቢያት፣ ከማታውቀው ሰው አትወድም። ወተቷ ሁለት ጣሳ ቢቀንስ አትደንግጪ፤ እኔ ስመለስ ትሰጣለች።»